የዕድሩ ጡሩምባ

የሰደበኝ ዓምደሚካኤል ነው። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ኅዳር አሥራ ሦስት፤ ቦታው ሶለንቱና፣ ለዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ የተከራየነው አዳራሽ፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ከሩብ። ሰዓቱን ያወቅኩት ከጭንቅላቱ በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ ክብ ሰዓት ስለነበረ ነው። የዕድሩ ስልክ ይቀየር አይቀየር የሚል ነገር ተነሥቶ፣ እኔ እጄን አውጥቼ፣ ተፈቅዶልኝ ቆምኩ። ገና "እኔ እንደሚመስለኝ" ከማለቴ፣ እሱ ከፊተኛው ወንበር ሳይነሣ አንገቱን ብቻ ወደ ኋላ አዙሮ፣ "አድነው ጡሩምባውን ይንፋ፤ ጡሩምባውን የምንገዛው እኛ ነን" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በኋላ የፊርማ ወረቀቱን ስቆጥረው የተገኘው ዘጠና ሦስት ሰው ነው፤ እኔን ስቀንስ ዘጠና ሁለት። ሚስቴ ብርቱካን እንኳ ሳትቀር ሳቀች። በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ።

እኔ ስድብ አልረሳም። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሌላው ሰው ዲግሪውን እንደሚያስቀምጥ እኔ የማስቀምጠው የተባልኩትን ነው። ደሴ፣ ለቴሌ በቀን ሠራተኛነት ጉድጓድ ስቆፍር፣ ፎርማኑ ተሾመ "አንተ አፈሩን አውጣ፣ ሽቦውን እንዳትነካ" ያለኝን አስታውሳለሁ፤ ማክሰኞ ነበር። የገዛ ታላቅ እህቴ ብርቅነሽ ያለችኝንም አስታውሳለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት በዘመን መለወጫ ዕለት ስልኩን ሰው ሁሉ እንዲሰማ ከፍታ፣ "አድነው፣ እስካሁን ሽቦ ትጎትታለህ እንዴ?" ብላ ቤት ሙሉ ዘመድ አሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ እንኳን አደረሰህ የምትለኝ በብርቱካን በኩል ነው። አሁን የምነግራችሁ ነገር ከሆነበት የመጋቢት ቅዳሜ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ራሷ በቀጥታ ደወለችልኝ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ እስኪያቆም ስሟን እያየሁ አላነሣሁትም። ይበላት፣ አልኩ በልቤ።

አገር ቤት ሰው ሲሞት ጡሩምባ እየነፋ በየመንደሩ የሚዞረውን ሰው ታውቁታላችሁ። ስቶክሆልም ውስጥ ያ ሰው እኔ ነኝ። ዕድራችን ሦስት መቶ አርባ አባወራ አለው፤ ከኖርስቦሪ እስከ ሶለንቱና የተበተነ። ሰው ሲያርፍ መዝገቡን ገልጬ አንድ በአንድ እደውላለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ሥራው ደግሞ አፍ ያለው ሁሉ የሚሠራው አይደለም። ሟቹ አገር ቤት የሞተ እንደሆነ ሐዘንተኛው እዚህ ነው፤ ገና አልሰማም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ማታ እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ሲነጋጋ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩተው ይገባሉ፤ ተቀምጠው ይነግሩታል። ስለዚህ እኔ ከሁሉ በፊት የማደርገው ከሐዘንተኛው ስም ጎን በእርሳስ ትንሽ መስቀል ማስቀመጥ ነው፤ እጄ ተሳስቶ እንዳይደውልበት። ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ሲወጡ በላጲስ አጠፋዋለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ሰው የወገኑን ሞት ከእኔ ስልክ አልሰማም። ለዚህ ማንም አመስግኖኝ አያውቅም።

እንግዲህ የዕድሩ ቢሮ ስልኮች የኢንተርኔት ስልኮች ናቸው፤ ሁሉንም የምታገናኛቸው አንዲት ሰርቨር ነበረች። አሮጌዋን ሰርቨር ያቆምኳት እኔ ነኝ፤ የተጣለ ዕቃ ከሚሰበሰብበት ኦተርቪኒንግ አንስቼ፣ አቧራዋን አራግፌ፣ ሌሊት ሌሊት እያነበብኩ። ስምንት ዓመት ሠርታ በየካቲት መጨረሻ ተቃጠለች፤ ሽታዋ እስከ ደረጃው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው አርፎ ሁለቱንም ጊዜ ከራሴ ሞባይል ነው የደወልኩት። ኮሚቴው ረቡዕ ዕለት ተሰብስቦ አዲስ ሰርቨር የመምረጡን ነገር "ከፋሲካ በኋላ" ብሎ አሳደረው። አርብ ማታ ግን ከሊቀመንበሩ ከጋሽ ገብረ ወልድ መልእክት መጣልኝ፤ "ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ቢሮ ና፤ የሰርቨሩን ጉዳይ ዛሬ ነገ ሳንል እንጨርሳለን" ይላል። ረቡዕ ከፋሲካ በኋላ የተባለ ነገር አርብ ማታ እንዴት አስቸኳይ ሆነ? ዓምደሚካኤል ማንንም የማይጠይቅ፣ ሦስት መቶ አርባውን ሰው በአንድ ጊዜ የሚደውል ነገር እንዳለ ሲያወራ ከርሟል። ማሽኑ ደወለ ማለት አድነው አበቃ ማለት ነው። ጠዋት ሄጄ ተመርቄ ልሰናበት ነው፣ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ብርቱካን ከእኔ ቀድማ ተነሥታለች። ምድጃው ላይ የጎረቤታችን ትልቁ ድስት ተጥዷል። "ለማን ነው ይሄ ሁሉ?" አልኳት። "ለሰንበቴ ነው" አለች ፊቷን ሳታዞር። ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው እንዳልል ሽንኩርቱ ገና አልተላጠም። ገና በጠዋቱ፣ ያውም በጾም፣ ሰሐን ሙሉ ፍርፍር አቅርባ እስክጨርስ አጠገቤ ቆመች። ልጃችን ሰሊና ደግሞ፣ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት ተነሥታ የማታውቅ ልጅ፣ ለብሳ መጥታ እጇን ዘረጋችና ስልኬን ስጠኝ አለች። ማሻሻል አለብኝ፣ አሮጌ ነው፣ ቫይረስ ይገባል፣ ትላለች በስዊድንኛዋ። "መቼ ትመልሺልኛለሽ?" ብላት "ስናርት፣ ፓፓ" አለች፤ ቅርብ ነው ማለቷ ነው። እናትና ልጅ ተያዩ። ስልኩን ይዛ ክፍሏ ገብታ ቆለፈች። እነዚህም ተነግሯቸዋል ማለት ነው፣ አልኩ፤ ዕድሩ የሰጠኝን ቁጥሮች ሊያወጡ ነው። ልወጣ ስል ብርቱካን የካፖርቴን ኮሌታ አስተካከለችልኝ፤ ከስንት ዘመን በኋላ። "እስከ ማታ እዚያው ዋል፤ ቤቱን ላጸዳ ነው" አለችኝ። ካፖርቴ ውስጠኛ ኪስ ውስጥ የፕላስቲክ ማኅደር ነበረች፤ በውስጧ በእጄ የጻፍኩት አንድ ገጽ። ያን ገጽ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ሱቅ ለሱቅ ዞሬያለሁ።

ከኖርስቦሪ በምድር ባቡሩ ቀይ መስመር መሀል ከተማ፣ ከዚያ ፔንደል በሚሉት የከተማ ዳር ባቡር ስፖንጋ። ያለ ስልክ ስትሄድ ሰው ሁሉ የሚያይህ ይመስልሃል። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ቢሯችን ሼላረ ነው፣ የፎቅ ምድር ቤት፤ ጎረቤቱ የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሁለት ክፍል አለው፤ ፊተኛው ረጅም ጠረጴዛና የማይመሳሰሉ አሥራ አራት ወንበሮች ያሉበት፣ ውስጠኛው የጋሽ ገብረ ወልድ። በመካከላቸው ቁም ሣጥን የምታክል፣ መስኮት የሌላት፣ ሰርቨሯ የምትቀመጥባት ክፍል አለች። የእሷ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንደኛው ከእኔ ጋር ነው።

ደረጃውን ስወርድ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ በሩን ስከፍት ጸጥ አለ። ሦስት ናቸው። ጋሽ ገብረ ወልድ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ በደርግ ጊዜ በስደት መጥተው ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ሲገፉ ኖረው ጡረታ የወጡ። እትዬ አሰፋሽ ጸሐፊያችን ናት፤ ሰው ለሻዩ ሁለተኛ ማንኪያ ስኳር ሲጨምር በዓይኗ የምትቆጥር ሴት። ሦስተኛው ዓምደሚካኤል ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመቱ በስኮላርሺፕ መጥቶ ኢንጂነር የሆነ፣ ሰው ሲያናግር ሰዓቱን የሚያይ። ያ ሰው እኔ ስገባ ብድግ አለ። ብድግ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ወንበር በሁለት እጁ ጎትቶ፣ "ጋሽ አድነው፣ እዚህ ይቀመጡ፤ ይሄ ይሻላል ለጀርባዎ" አለኝ። አንቱታውን ከየት አመጣው? ኅዳር ላይ "አድነው ይንፋ" ያለ ሰው መጋቢት ላይ "ይቀመጡ" ሲል፣ በመሀል የሆነ ነገር አለ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ፣ "ታዲያ ሰርቨሩ የታለ? እንምረጥ" አልኩ። ጋሽ ገብረ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ "ምርጫው ከሰዓት ይደርሳል፣ ልጄ። ለጊዜው አንተና ዓምደሚካኤል ገብታችሁ የዚህን ሽቦ አያይዙት" አሉኝ። ሽቦ! አያችሁ፣ ሲጨንቃቸውም የሚሰጡኝ ሽቦ ነው።

ዓምደሚካኤል አንድ ሰርቨር አምጥቶ ትንሿ ክፍል ውስጥ አቁሞታል። ከመሥሪያ ቤቱ አገልግሎት የጨረሰ ነው፤ በነፃ ነው የሰጡን፣ አለኝ። ሁለት ሰው የሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት፣ ርዝመቱ ከጠረጴዛው ያልፋል፤ ሁለት የመብራት ገመድ፣ ስምንት ማራገቢያ። ሲበራ ጆሮ ይደፍናል፤ በር ዘግተህ እንኳ በውስጠኛው ክፍል ይሰማል። እኔ በነፃ የሚሰጥ ነገር ላይ ሁልጊዜ ጥያቄ አለኝ። ማን ተጠቀመ? መሥሪያ ቤቱ የማስወገጃ ወጪውን አተረፈ፤ እሱ ስሙን አተረፈ፤ ዕድሩ በየወሩ የመብራት ሒሳብ ይመጣለታል። የእኔ ገጽ ላይ ያለው ሌላ ነው፤ ማራገቢያ የሌላት፣ ዳዊት የምታክል ትንሽ ኮምፒውተር፤ አንድ አምፖል የሚበላውን ያህል ብቻ የምትበላ፤ በውስጧ አንዱ የሌላውን ቅጂ የሚይዝ ሁለት ዲስክ፣ አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲይዝ፤ ከጎኗ መብራት ሲጠፋ ግማሽ ሰዓት የሚያቆያት ባትሪ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ክሮነር፤ ባትሪው ዘጠኝ መቶ። ዋጋውን ሦስት ሱቅ አወዳድሬያለሁ። ስልክ ማለት ድምፅ ነው፤ ድምፅ ለማሽን ሸክም አይደለም። ስድስቱ ስልክ አንድ ላይ ቢያወራ ያቺ ትንሿ አትነቃነቅም። ሰርቨርን የሚገድለው ሥራ ሳይሆን ሙቀትና አቧራ፣ የመብራት መቆራረጥም ነው፤ አሮጌዋን የገደላት እሱ ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ይህን ምድጃ ማስገባት ደግሞ ለበሽታ አልጋ ማንጠፍ ነው። ይህን ሁሉ ሊጠይቀኝ ለሚችል ሰው ልነግር ተዘጋጅቼ ነበር።

ሽቦውን እየሰካሁ፣ "ስንት ስልክ ነው ያለን?" አልኩት።

"ስድስት።"

"ለስድስት ስልክ የአውሮፕላን ሞተር?"

ዓምደሚካኤል ከልቡ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ወጣት መሰለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው አፉን ገጠመ፤ ፊቱ ዳመነ። "ልክ ነዎት፣ ጋሽ አድነው። ለጊዜው ነው። ለነገ የሚደርስ ሌላ አላገኘሁም" አለ።

"ለነገ? ነገ ምን አለ?"

"ምንም። ማለቴ... ለሚቀጥለው ሳምንት።" አንገቱን ደፍቶ ላፕቶፑን መነካካት ጀመረ።

አንገቱን ሲደፋ በትከሻው ላይ አጮልቄ አየሁ። የአባላት ዝርዝር ነው፤ የእኔ መዝገብ፣ ከቁጥር አንድ እስከ ሦስት መቶ አርባ፣ ወደ ማሽኑ የተገለበጠ። ሁሉም ስም ጥቁር ነው። አንዱ ላይ ብቻ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። መነጽሬን ሳላደርግ አነበብኩት፤ ቁጥር 117፣ አድነው። ዓምደሚካኤል ማየቴን አወቀ መሰለኝ የላፕቶፑን ክዳን ቀስ አድርጎ ዘጋው። "ሻይ እንጠጣ?" አለኝ። ከደዋይነት የሚያስወጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከዕድሩም ሰርዘውኛል። አሥራ አንድ ዓመት የሌላውን ሬሳ ያስከበርኩ ሰውዬ፣ ነገ ብሞት የሚቀብረኝ የለም ማለት ነው። ምን አጠፋሁ? ማን ምን አወራብኝ? በዚያች ደቂቃ ሦስት ሰው ጠረጠርኩ፤ አንዷ ብርቱካን ነበረች።

ምሳ ቀረበ። እትዬ አሰፋሽ ከቤቷ ምስርና ጎመን ይዛ መጥታለች፤ እንጀራውን በእኔ ፊት ደራረበችው። ሁለት ጎረስኩና አቆምኩ፤ አልወርድ አለኝ።

"ብላ እንጂ አንተ ሰውዬ! ሰው ምን ይለኛል? በኋላ ደግሞ አልበላም ትላለህ" አለች።

"በኋላ ምን አለ፣ እትዬ አሰፋሽ?"

"ኧረ እንዲያው ነው! ብላ ሲባል ይበላል እንጂ ይጠየቃል እንዴ?" ብላ በእጇ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ዓምደሚካኤል ውኃ ቀዳልኝ። አራታችንም የጎረቤቱን የልብስ ማጠቢያ ስናዳምጥ ቆየን፤ ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሽከረከራል። ከዚህ በፊት ሰው ሲከሰስ አይቻለሁ፤ ሲበላ ግን ዓይን ዓይኑን አያዩትም። እነዚህ የሚያዩኝ ሰው ሊያርደው ያለውን በግ እንደሚያይ ነው፣ በርኅራኄ።

ከምሳ በኋላ የጋሽ ገብረ ወልድ ስልክ ጮኸ። አይተው ደነገጡና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ፤ ሁለቱም ተከትለዋቸው ገቡና በሩ ተዘጋ። እኔ ፊተኛው ክፍል ከአሥራ አራት ወንበር ጋር ቀረሁ። ተነሥቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ አላፍርበትም። የማራገቢያው ጩኸት ቃል አያሰማም፤ አንድ ነገር ብቻ ለየሁ፤ "ብርቱካን እንዳለችው ይሁን፤ እሷ ታውቀዋለች" አሉ ጋሽ ገብረ ወልድ። ሚስቴን ነው! ሚስቴ በስልክ ነው ያለችው፤ የእኔን ነገር ከእነሱ ጋር እየዶለተች ነው። ያን ጊዜ ወሰንኩ። ማሽኑ ውስጥ ነገ ለሕዝቡ የሚነገር ነገር ተቀድቷል፤ ካልሆነ ችኮላው ምንድነው? "ከዛሬ ጀምሮ አቶ አድነው አይደውልላችሁም" የሚል ነው የሚሆነው። ሌላው ከመስማቱ በፊት እኔው እሰማዋለሁ።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባሁ፤ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። ሙቀቱ ከምላሴ ላይ ምራቄን አደረቀው። ግድግዳው ላይ የመሞከሪያ ስልክ አለ። በአሮጌዋ ሰርቨር ላይ የተቀዳ መልእክት የሚሰማበትን ቁጥር 88 ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ዓምደሚካኤል የእሷን አሠራር እንዳለ ወደ አዲሱ እንደገለበጠው ጠዋት አይቻለሁ። እጀታውን አንስቼ 88 ደወልኩ፤ አንዱን ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ።

ድምፁ የዓምደሚካኤል ነው። "የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ" አለ። ፈጠነ። እኔ ብሆን እዚህ ላይ ትንፋሽ እሰጣለሁ፤ ሰውየው ከእንቅልፉ ነቅቶ ነው የሚያዳምጥህ፣ ማን መሆንህን እስኪለይ መጠበቅ አለብህ። "የወንድማችን የአቶ" ብሎ ቆመ። "ይቅርታ፣ እንደገና ልጀምር" አለ። ይህን ያህል ተምሮ አንዲት ማስታወቂያ አንብቦ መጨረስ አቃተው፣ አልኩ። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና እዚያው ላይ ተሰናከለ። ብርጭቆ ሲቀመጥ፣ ውኃ ሲውጥ ይሰማል። በሦስተኛው ቀጥ ብሎ ወጣለት። የወንድማችን የአቶ አድነው ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ለቅሶው በአቶ አድነው መኖሪያ ቤት፣ ኖርስቦሪ፣ ዛሬ እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው። ከዚያ ቂው አለ።

ሰዓቱን ሁለት ጊዜ መናገር ነበረበት። መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው። ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚነገረው፤ ብዕር የሚፈልግ አለና። እህቴ መሞቷ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

መዳፌን የሰርቨሩ ብረት ላይ አሳረፍኩ። ይግላል፤ እንደ ታመመ ሰው ግንባር። ድስቱ ለሰንበቴ አልነበረም። ስልኬን ሰሊና የወሰደችው ከደሴ የሚደውል ሰው እንዳያገኘኝ ነው። ቀዩ መስመር የእኔው መስቀል ነው፤ እኔ በእርሳስ የማደርገው፣ ማሽኑ በቀይ ያደረገው። ለአንድ ሰው ብቻ እንዳይደወል፤ ያ ሰው ነገ ንጋት ላይ ተቀምጦ እንዲነገረው። ይህን ሥርዓት ለዓምደሚካኤል ማን ነገረው? አይቶኛል ማለት ነው፤ ሲያሾፍብኝም ያይ ነበር ማለት ነው። ችኮላውም ገባኝ። አድነው ሐዘንተኛ ከሆነ ደዋይ የለም። እኔ እንዳልደውል ሳይሆን፣ እኔ መደወል ስለማልችል ነው ያንን ብረት ከየትም ጎትተው ያመጡት። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለኝ። ያን ሐሙስ ምን ልትለኝ ነበር የደወለችው? ሕመም ነው የሚለው መልእክቱ። ሐሙስ ታማ ነበር። ስሟ እየበራ ስልኩ ስንት ጊዜ እንደጮኸ ላስታውስ ሞከርኩ፤ የሰደቡኝን ሰዓት ከነደቂቃው የማስታውስ ሰው፣ ይህን መቁጠር አቃተኝ። ማራገቢያዎቹ ይጮሃሉ። ለስድስት ስልክ አይገባም ያልኩት ጩኸት ያን ጊዜ የእኔን ሸፈነልኝ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ፊቴን በካፖርቴ እጅጌ ጠርጌ ወጣሁ። ሦስቱ ወደ ፊተኛው ክፍል ተመልሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ዓምደሚካኤል የወጣሁበትን በር አየ፤ ከዚያ እኔን አየ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክ፤ የተገለጠለት ይመስለኛል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አፉን ከፈተና ወደ ሽማግሌው ተመልክቶ መልሶ ዘጋው። ጋሽ ገብረ ወልድ ግን ምንም አላወቁም፤ እስከ ማታ እንዴት አድርገው እንደሚያውሉኝ ብቻ ነው የሚያስቡት። እኔም ስንቱን ሰው እንዲህ አውዬዋለሁ፤ ካርታ ተጫውቼ፣ የማልፈልገውን ሶፋ ዋጋ ጠይቄ።

"የት ጠፋህ? ና ተቀመጥ እንጂ፣ ልጄ" አሉኝ ጋሽ ገብረ ወልድ፣ ከፊታቸው ያለውን ወንበር እየመቱ። "እኛማ አንተን ነው የምንጠብቀው። ይህን ነገር ካንተ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ትልቁን እንያዝ፣ ወይስ ትንሿን እንግዛ? ለምን? አንድ በአንድ አስረዳን፤ ሰዓት አለን።" እትዬ አሰፋሽ ደብተሯን ገልጣ ብዕሯን አነሣች፤ የምለውን ልትጽፍ። ዓምደሚካኤል እጆቹን ጭኖቹ መሀል አድርጎ መሬት መሬት ያያል።

አሥራ አንድ ዓመት ነው የጠበቅኳት፣ ያቺን ጥያቄ። ማኅደሯ ደረቴ ላይ አለች፤ በእጄ የጻፍኩት፣ ሦስት ሱቅ ያወዳደርኩት። "እኔ እንደሚመስለኝ" ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ፤ ማንም አይስቅም። ነገ ንጋት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እነዚሁ ሰዎች በሬን ያንኳኳሉ። ብርቱካን ትከፍትላቸዋለች። እኔ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ፒጃማዬን ለብሼ መውጣት አለብኝ፤ ምን ሆናችሁ በማለዳው ማለት አለብኝ፤ ተቀመጥ ሲሉኝ መቀመጥ። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ለዚያ ደግሞ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ፤ ለብርቱካን የማላውቅ ሰው መስዬ፣ እራቴን በልቼ።

የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ዓምደሚካኤል ብድግ አለ። "ጋሽ አድነው..." አለ፤ ድምፁ የመልእክቱ ድምፅ ነው፣ እዚያው ቦታ ላይ የተሰናከለው።

"ኧረ ወዴት ነው? ገና እኮ አልመለስክልንም!" አሉ ጋሽ ገብረ ወልድ። "አድነው! የትኛውን እንግዛ?"

የካፖርቴን ቁልፎች እስከ አንገቴ ቆለፍኩና ደረጃውን ወጣሁ።